በሩን ያስከፈተኝ ዓሣ

ኃይልዬ፣ የቤቴ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ወዲህ ሦስተኛው ብርድ ገባ። ሮም ዳር ያለው ሰፈራችን ሮማኒና ያው ነው፤ አሳንሰሩ ዛሬም ይበላሻል፣ ላይኛዋ ሴትዮ ዛሬም ምንጣፏን በተሰጣው ልብሳችን ላይ ታራግፋለች። የተለወጠው በራችን ነው። ሁለት መቀርቀሪያና ሰንሰለት አስገባሁለት። ደወል ሲጮህ ትንፋሼን ውጬ፣ ሰውየው ተስፋ ቆርጦ እስኪወርድ እጠብቃለሁ። ስንት ዕቃ እንደተመለሰብኝ ልጃችን ማርታ ናት የምታውቀው።

ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ያን ቀን «ፓኮ!» ብለው ሲጠሩ፣ እንደ ቃሉ የታሸገ ዕቃ የመጣ መስሎኝ የከፈትኩት እኔ ነኝ። አንተ ጢምህን እየተላጨህ ነበር። ሦስት ነበሩ፤ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ሰድበውህ አፍ አፋቸውን ያልካቸው። በብረት መንጋጋህን መቱህ፤ ፊትህ ላይ የነበረው ሳሙና ቀላ። ጎትተው ደረጃው ላይ ጣሉህ። ጎድንህን ሲረግጡት እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። በየምቱ «ሴልቫጆ! ሴልቫጆ!» ይሉ ነበር። እኔ የበሩን እጀታ እንደጨበጥኩ ደርቄ ቀረሁ።

ሆስፒታል የቃሉን ትርጉም ስጠይቅህ፣ በታሰረ መንጋጋህ «ጎበዝ ማለት ነው» አልከኝ። አመንኩህ። ከቀበርንህ በኋላ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ አሮጌ የጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት ገዛሁ፤ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ደረስኩበት። አውሬ። ያልተገራ። የዱር። መጽሐፉን ከግድግዳው ጋር አጋጨሁት። በማግስቱ አንስቼ ማንበቤን ቀጠልኩ፤ ከእንግዲህ ቃል የሚፈታልኝ ማን አለኝ?

አሁን ሙት ዓመትህ ሲደርስ፣ ማርታ ዝክሩን በዓሣ እናድርገው አለች። የዝዋይ ልጅ አይደለህ! ገበያ ውስጥ «ይሄማ አምና የሞተ ነው» እያልክ ዓሣ ሻጮቹን ስታናድድ የነበረውን እያነሳች ሳቀች። ከሚላኖ ሆና በስልኳ ሳልሞን አዘዘች፤ ከሰሜን ባሕር የተጠመደ፣ እዚያው እንደ ድንጋይ በረዶ የሆነ፣ ቤት ድረስ የሚመጣ። «አሎራ፣ በቃ እማ፣ አንቺ በሩን ብቻ ክፈቺ፤ ካልከፈትሽ ደረጃው ላይ ቀልጦ ይገማል» አለችኝ።

በሩን ብቻ!

ሐሙስ ረፋድ ላይ ደወሉ ጮኸ። አልከፈትኩም። ደገመ። ቀጥሎ ወፍራም የወንድ ድምፅ ደረጃውን ሞላው። «ሲኞራ! ፓኮ! ሳልሞኔ ሴልቫጆ! ሴልቫጆ!»

ዓይኔ ጨለመ። አጥንት ትከትፍበት የነበረውን መጥረቢያ ከማድ ቤት አነሳሁ። ያኔ ያልገደልኩትን አሁን ልገድል ነው። መቀርቀሪያዎቹን ስቤ፣ ሰንሰለቱን በጥሼ፣ በሩን በርግጄ ሰነዘርኩ።

ሽበታም፣ ቦርጫም ሰውዬ ነው። የያዘውን ነጭ ሳጥን እንደ ጋሻ ፊቱ ላይ አነሳው፤ መጥረቢያው ሳጥኑን ሰንጥቆ በረዶው ውስጥ ተሰነቀረ። የፎም ፍርፋሪ በላያችን ዘነበ። ከዚያ በሳጥኑ ጎን አንድ ዓይኑን ብቅ አድርጎ፣ «ማዶና ሚያ! ሲኞራ፣ ዓሣው እኮ ድሮ ሞቷል!» አለኝ።

አንተን የሰማሁ መሰለኝ። አንተ የወደቅክበት ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ምስኪኑ ሰውዬ ሊሮጥ ሲገባው አጠገቤ ተቀመጠ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን «ሴልቫጆ» የሚል ቃል በጣቴ አሳየሁት። ያልገባኝ መስሎት አስረዳኝ። በኩሬ ታጉሮ ያላደገ ነው፤ ወንዙን ሽቅብ እየዘለለ፣ ድንጋይ እየቀጠቀጠው የሚሄድ ነው። ውድ የሆነውም ለዚህ ነው። «ጎበዝ ዓሣ ነው፣ ሲኞራ» አለ።

ጎበዝ። እንዲሁ ነው ያለው፣ ኃይልዬ።

እሑድ ዱለት አደረግሁት፤ በሚጥሚጣ፣ አንተ እንደምትወደው። አንዱ ቁራጭ ላይ የመጥረቢያው ምልክት ነበረበት፤ እሱን ለማንም አልሰጠሁም፤ እኔው በላሁት።

የተበጠሰውን ሰንሰለት አልቀጠልኩትም። ደወል በጮኸ ቁጥር ያ ደረጃ፣ ያ ቀይ ሳሙና ይመጣብኛል። ይምጣ። አንተን የማስታውሰው እንዲህ ነው፤ እስክንገናኝም እንዲሁ አስታውስሃለሁ። «ማን ነው?» እላለሁ፣ እከፍታለሁም። መጥረቢያህ ከበሩ ኋላ ነው።

ያንተው አልማዝ