እኔ ያስተማርኳት እስክንድር

ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ፣ 1985

ማክሰኞ

ሜሮን ዛሬ ከትምህርት ቤት ተመልሳ አላናገረችኝም። ቦርሳዋን ወርውራ ክፍሏ ገባች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ማኩረፍ ታውቅበታለች፤ ይሄ ግን ሌላ ነው። እናቷ ገነት ገብታ አውጣጣቻት። ለካ ስፕሬክበርት የሚሉት፣ ክፍል ፊት ቆሞ የመናገር ተራ ደርሷት ስለ ታላቁ እስክንድር ተናግራለች፣ እኔ እንዳስተማርኳት። ድንግል ነበር፣ ጾመኛ ነበር፣ ሥላሴን ያመልክ ነበር፣ ብሔረ ሕያዋን ደርሶ ሄኖክንና ኤልያስን አነጋገረ ብላ። አስተማሪዋ "እስክንድር እኮ ከክርስቶስ ሦስት መቶ ዓመት በፊት ነው የኖረው" ሲላት ልጆቹ ሳቁባት። "አባቴ ነው የነገረኝ" አለቻቸው። እንዲህ ማለቷ አንገበገበኝ።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ የሰው ቢሮ እየወለወልኩ ይሄንኑ ሳብሰለስል ዋልኩ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ያን ታሪክ ከግዕዙ እየተረጎሙ ሲያነቡልን እንባቸው ይወርድ ነበር። እሳቸው ተሳስተዋል ብዬ ልናገር? አፌስ ይታዘዘኛል? ገነት "አባትህን ማንም አልነካብህም፤ የተሳቀባት ልጅህ ናት" አለችኝ። ልክ ናት። ልክ ነሽ አላልኳትም እንጂ።

ሐሙስ

ከሥራ ወጥቼ ቢብሊዮቴክ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ገባሁ። ስለ እስክንድር ሁለት መጽሐፍ ሰጡኝ። የደች ቋንቋዬ እያነከሰም ቢሆን ገባኝ፤ ባይገባኝ ይሻል ነበር። ሦስት ሚስት አግብቷል። ሰክሮ፣ ከሞት ያዳነውን ወዳጁን በጦር ወግቶ ገድሏል። ጢሮስን ሲይዝ ከሰዉ የሸጠውን በባርነት ሸጦ፣ የቀሩትን ወንዶች ባሕሩ ዳር ሰቅሏል። እዚያ ላይ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ። አገር ቤት የመንግሥት ሰዎች ታናሽ ወንድሜን ገድለው መንገድ ዳር ጥለውት ነበር፣ ሰው እንዲያየው። እናቴ እንዳታለቅስ ተከልክላ ነበር።

ዓርብ

ልነግራት ብዬ ሳልነግራት ዋልኩ። ፈሪ ነኝ።

ቅዳሜ

ነገርኳት። "ተሳስቼ አሳሳትኩሽ፣ ልጄ" አልኳት። አባቴ ለእኔ እንዲህ ያለ ቃል ተናግረው አያውቁም። ቀናም ብላ አላየችኝም። "ታዲያ አያቴ ለምን ዋሸ?" አለች። "ዋሹ" እንኳ አላለችም። ልቆጣ ብዬ ተውኩት። አልዋሹም፣ ተጽፎ ያገኙትን ነው ያነበቡልን አልኳት። "የጻፉትስ?"

አሰብኩበት። አገር የሚይዝ ንጉሥ አይተዋል፤ አገር ይዞ እግዚአብሔርን የሚፈራ ግን አላዩም፣ ስለዚህ ተመኝተው ጻፉት አልኳት። እኔም አላየሁም ብዬ ስለ ወንድሜ ነገርኳት። እስከ ዛሬ አጎቷ በበሽታ የሞተ ነበር የሚመስላት። አላለቀሰችም። ስሙን ጠየቀችኝ።

ማክሰኞ

አስተማሪው እንደገና እንድትናገር ፈቀደላት። መጀመሪያ ቢብሊዮቴክ ያነበብኩትን እስክንድር፣ ቀጥላ የአያቷን እስክንድር ተናገረች። ለምን ሁለት እንደሆኑም አስረዳች። አልሳቁም አለች። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላወቅኩም።

ከእራት በኋላ መጥታ አጠገቤ ቆመች። "አባዬ፣ የእስክንድር መቃብር የት ነው?"

ባለፈው ሳምንት ቢሆን አንድ መልስ አላጣም ነበር። "አላውቅም" አልኳትና ፊቷን እያየሁ ጠበቅኩ።

"እሺ፣ አብረን እንፈልገዋለን" አለች።