የቤዝ ጊታር ተጫዋቹ የአቶ ካሳዬ ገብረሃንስ ሕይወትና ያልተነገራቸው መርዶ

አቶ ካሳዬ ገብረሃንስ ከአባታቸው ከአቶ ገብረሃንስ ዓባይ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሻሽወርቅ ደስታ ኅዳር 12 ቀን 1951 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ልደታ አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው የአውሮፕላን መለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ስለነበሩ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ወደ ቦሌ ሲዛወር ቤተሰቡም ተከትሎ ሄደና ዛሬ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ቤት ሠራ። በልጅነታቸው ጭምትና ታዛዥ ነበሩ ተብሎ እንዲጻፍ ከዘመድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እውነቱ ግን ያገኙትን ሽቦ ሁሉ በር ላይ ወጥረው ሲመቱ የሚውሉ፣ የሰፈሩን ሰው እንቅልፍ የነሱ ልጅ ነበሩ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአዲስ አበባ ካጠናቀቁ በኋላ፣ በ1968 ዓ.ም. አባታቸው ያላቸውን አሟጠው በመሥሪያ ቤታቸው ቅናሽ ትኬት ወደ እንግሊዝ አገር ላኳቸው። በብራድፎርድ ከተማም የጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና ትምህርት ጀመሩ። ጀመሩ ማለቱ ይበቃል፤ ሦስተኛውን ዓመት አልጨረሱትም። ቤተሰቡ ግን ጎረቤት በጠየቀ ቁጥር «ኢንጂነር ሆኗል» እያለ ዓመታት አሳልፏል።

በ1971 ዓ.ም. ከሦስት እንግሊዛውያን ወጣቶች ጋር፣ በአንድ የተዘጋ የሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ «ስፔር በተን» የተባለውን ባንድ መሠረቱ። ሸሚዝ ላይ በውስጥ በኩል የምትሰፋዋ ትርፍ ቁልፍ ማለት ነው። ካሳዬ ቤዝ ጊታር፣ የአውቶቡስ ሾፌር ልጅ የነበሩት ሚስተር ግሬም ደግሞ ድራም ይጫወቱ ነበር። ሙዚቃቸው ፓንክ ይባላል፤ ጩኸትና ቁጣ የበዛበት ቢሆንም ሰው ቆሞ የሚሰማው አልነበረም፣ ያስጨፍራል። ሚስተር ግሬም «ጩኸቱ የእኛ፣ ጭፈራው የካሳዬ ነው» ይሉ ነበር። ካሳዬ የአገራችንን ምት ለማስተማር ሚስተር ግሬምን ወጥ ቤት ውስጥ አስቀምጠው ሦስት ሳምንት አስጨብጭበዋቸዋል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሳይተያዩ አብረው ይገቡ፣ ሳይነጋገሩ አብረው ያቆሙ ነበር።

ባንዱ በ1973 እና በ1975 ዓ.ም. ሁለት ሸክላዎች አሳተመ፤ በሆላንድና በጀርመን ከተሞችም ተዘዋውሮ ተጫወተ። በመጀመሪያው ሸክላ ሽፋን ላይ ካሳዬ ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ ለብሰው ይታያሉ። ወ/ሮ የሻሽወርቅ ፎቶውን ባዩ ጊዜ አልቅሰው፣ ሁለት አዲስ ሱሪ በመንገደኛ ላኩላቸው። ሦስተኛው ሸክላ አልተሸጠም። አሳታሚው ውል አቋረጠ፤ ዘፋኙ ለብቻው መሥራት ጀመረ። በ1982 ዓ.ም. ባንዱ ፈረሰ፣ ሚስተር ግሬምም እንደ አባታቸው አውቶቡስ መንዳት ያዙ።

ካሳዬ በመስከረም 1984 ዓ.ም. ጊታራቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። አባታቸውን በሕይወት አላገኟቸውም። ጊዜው የሰዓት እላፊ ተነሥቶ ከሃያ ሁለት እስከ ቦሌ ጭፈራ ቤት እንደ አሸን የፈላበት ስለነበር ባንድ ለማቋቋም ብዙ ደከሙ። ሆቴሎቹ ግን የሚፈልጉት አንድ ዘፋኝና አንድ ኪቦርድ ነበር። አንዱ የሆቴል ባለቤት «ወንድሜ፣ ኪቦርዱ እኮ ቤዙንም ድራሙንም ራሱ ይጫወተዋል። አንተን የት ላስቀምጥህ?» እንዳላቸው ቤት መጥተው ሲነግሩን እየሳቁ ነበር። ሳቃቸው ግን ከልብ አልነበረም።

ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በመገናኛ አቶ ሃይደር በተባሉ ወዳጃቸው ሙዚቃ ቤት ካሴት እየቀዱ መሥራት ጀመሩ። ትዳር አልመሠረቱም፣ ልጅም አልወለዱም። እናታቸው በነገሩ ሲጨቀጭቋቸው «መጀመሪያ ባንዱ ይመለስ» ይሉ ነበር። እኛ ቀልድ ይመስለን ነበር፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር።

በሚያዝያ 1987 ዓ.ም. ከሚስተር ግሬም ደብዳቤ ደረሳቸው። ሸክላዎቹ እንደገና ሊታተሙ ነው፣ አራቱም እንደ ቀድሞው አብረው ሊጫወቱ ተስማምተዋል፣ «ለጥምቀት ሰሞን አዲስ አበባ መጥቼ ሁለታችን ከተለማመድን በኋላ አብረን እንሄዳለን» ይላል። ካሳዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኑ። ከሥራ መልስ ሰርቪስ ቤት ገብተው ጣታቸው እስኪላጥ ይለማመዳሉ። ለሚስተር ግሬም ክፍል አስጸዱ፣ ፍራሽም ገዙ። ወ/ሮ የሻሽወርቅ ልጃቸው ከእንግሊዝ አገር የተመለሰላቸው ያን ጊዜ እንደሆነ ይናገሩ ነበር።

በኅዳር 1988 ዓ.ም. በኩላሊት ሕመም ሆስፒታል ገቡ። በተኙ በስድስተኛው ቀን የሚስተር ግሬም ባለቤት የላኩት ደብዳቤ መጣ። ቤተሰቡ የሚገለገልበት ፖስታ ሣጥን የታናሽ እህታቸው የወ/ሮ ዓለም መሥሪያ ቤት ሣጥን ስለነበር፣ ከፍተው ያነበቡት እሳቸው ናቸው። ሚስተር ግሬም ሥራ ላይ እያሉ ልባቸው ቆሞ አርፈዋል። አውቶቡሱን ዳር አስይዘው፣ ተሳፋሪ አውርደው ነው የሞቱት። የአዲስ አበባው ትኬት ተቆርጦ ነበር።

እናት፣ እህትና አቶ ሃይደር በሆስፒታሉ ግቢ ተቀምጠው ተመካከሩ። ሐኪሙ እንዳይደነግጡ አስጠንቅቋል። ወ/ሮ የሻሽወርቅ «ልጄ አልጋ ላይ ሆኖ መርዶ አይሰማም። ይዳንና፣ ሰው ተሰብስቦ በወጉ ይረዳል» አሉ። ማንም አልተቃወመም። ደብዳቤው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈ፤ በኋላ ከባንዱ ዘፋኝ የመጣው የሐዘን ደብዳቤም እዚያው ገባ።

ካሳዬ በታኅሣሥ መጨረሻ ወደ ቤት ተመለሱ። ከስተው ነበር፤ ሁለት ሳምንት ይጠንክሩ ተባለ። ሁለቱ ሳምንት ሳይሞላ ጥምቀት ደረሰና ቅዳሜ ጠዋት ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው «የለንደኑ አውሮፕላን ሦስት ሰዓት ይገባል» ብለው ተነሡ። አቶ ሃይደር በመኪናቸው ወሰዷቸው፣ ወ/ሮ ዓለምም አብረው ሄዱ። የመጨረሻው መንገደኛ እስኪወጣ በሩን እያዩ ቆሙ። መርዶ የሚነገርበት ቦታ አይደለም ብለን ዝም አልን። በተከታዩ ቅዳሜም ሄዱ። ሦስተኛውም ቅዳሜ እንደዚያው ሆነ።

ከዚያ በኋላ ለሚስተር ግሬም ጻፉ። ደብዳቤዎቹን በፖስታ እንዲልኩ ለወ/ሮ ዓለም ሰጧቸው፤ ወ/ሮ ዓለምም አልላኩም። አንድ ጊዜ ራሳቸው ስልክ ደወሉ፣ የሚያነሣ አልነበረም። ለፋሲካ ማግስት ሽማግሌ ተጠርቶ ሊነገራቸው ተወስኖ ነበር፤ እናትየው ታመሙና ቀረ። ለክረምት ተባለ። ነገሩ እየዋለ ሲያድር ግን መርዶውን መንገር ብቻ ሳይሆን፣ እያወቅን አውሮፕላን ማረፊያ እንዳቆምናቸውም መናዘዝ ሆነብን። አፈርን። ቤተሰቡ ይህን ከዚህ በላይ ሊያሳምረው አይችልም።

በ1989 ዓ.ም. ጊታራቸውን ሸጡ። ለአቶ ሃይደር «ወንድሜ ያልኩት ሰው አንድ መስመር እንኳ ሳይጽፍልኝ ተወኝ። ይቅርብህ ማለት እንኳ ከበደው» አሏቸው። አቶ ሃይደር ያን ቀን ሱቃቸውን ዘግተው ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ካሳዬ የሚስተር ግሬም ስም በቤታችን እንዳይጠራ ከለከሉ። ለሙዚቃ ቤቱ ካሴት መቅዳታቸውን ግን እስኪደክሙ ድረስ ቀጠሉ። ወ/ሮ የሻሽወርቅ በ1990 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ በመጨረሻ ሰዓታቸው ለልጃቸው ሊናገሩ የፈለጉት ነገር ነበር፤ አንደበታቸው አልታዘዘም።

በዘንድሮው ዓመት ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው ሥራ አቆሙ። አገር ውስጥ የሚደረግላቸው ነገር እንደሌለ ተነገረን። አንድ ከሰዓት በኋላ ወ/ሮ ዓለምን «ዓለምዬ፣ እስቲ አንቺ ንገሪኝ። ግሬምን ምን በድዬው ይሆን?» ብለው ጠየቁ። እህታቸው «ምንም አልበደልከውም» አሉ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር ለመናገር ሦስት ዓመት ሙሉ ጊዜ ነበራቸው፤ ያን ቀንም አልተናገሩትም። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፉት እሳቸው ናቸው።

አቶ ካሳዬ ገብረሃንስ በተወለዱ በአርባ ዓመታቸው የካቲት 9 ቀን 1991 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ከኋላቸው አንድ እህት፣ ሁለት የእህት ልጆች፣ ወዳጃቸው አቶ ሃይደር፣ እንዲሁም ዛሬ ይህን በጆሯቸው የሚሰሙ ጎረቤቶች ቀርተዋል። ለሐዘንተኛው ሁሉ ልዑል እግዚአብሔር መጽናናትን ይስጥ። የወንድማችንን ነፍስ በቸርነቱ ይቀበል፤ እኛ ያልነገርናቸውንም እሱ ይንገራቸው።