«አስቸኳይ አይደለም» ስለተባለች የልጅ ልጄ

ብዕሩን የያዘችው ይታገሱ ናት። የአጎቴ ልጅና ጎረቤቴ የሆነው የአረጋ ምራት፣ እናንተ ፊቱን አቃንታችሁ የመለሳችሁት የምሥጋናው እናት። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ በመንደራችንም ከእሷ የተሻለ የሚጽፍ የለም። ስለዚህ በቤተሰቧ ላይ የምናገረውን የምትጽፈው እሷው ናት፤ ቃሌን እንዳታለሰልስ በላሊበላ ስም ቃል አስገብቻታለሁ።

ለክቡር የሕፃናት የፊት አጥንት ቀዶ ሕክምና መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? የእኛ ደጋ ውርጭ ለማይደርስበት ቢሮዎ ሙቀት፣ ለወንበርዎ ዕድሜ፣ ለደጅዎ ሰላም እመኛለሁ። የልጅ ልጅ ካለዎትም አፏን ገጥማ፣ በአፍንጫዋ እየተነፈሰች የምታድር ያድርግልዎ።

እኔ ከሙጃ በላይ የምኖር ገበሬ ፈንታው ዘገየ ነኝ። የልጅ ልጄ ፀደይ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እናቷ በወሊድ ስላለፈች ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ግንባሯና አገጯ ሲያድጉ የፊቷ መካከል ቀረ። ጉንጯ ወደ ውስጥ ገባ፣ ዓይኖቿ ወደ ውጭ ወጡ፣ አፍንጫዋ አየር አያሳልፍም። የአረጋ የልጅ ልጅ ምሥጋናውም እንደዚሁ ነበር፤ ሐኪሞቻችሁ በዘር የሚወርድ ነው አሉን፣ ደማችን አንድ ነውና። እግዜር እንኳ እኔንና አረጋን ሳያበላልጥ የሰጠንን ክቡርነትዎ አበላለጡት። ስለዚህም ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ምሥጋናው አመሰግናለሁ። አዲስ አበባ ወስዳችሁ የፊቱን አጥንት ከራስ ቅሉ አላቀቃችሁ፣ በራሱ ላይ ብረት ተከላችሁ፣ በብሎን በየቀኑ አንድ አንድ ሚሊ ሜትር እየሳባችሁ ጉንጩን ወደ ፊት አመጣችሁት፤ በክፍተቱም አዲስ አጥንት ሞላበት። ብሎኑን እንዲያዞር ያስተማራችሁት አረጋን ነው። ይህ ሰው፣ ክቡርነትዎ፣ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር በምራን ሲያስር እንኳ ጠበቅ አድርጎ አያውቅም፤ እርሻው መሀል ይፈታበታል። ዛሬ ግን በገበያ ቀን ሰው ሰብስቦ ስለ ሚሊ ሜትር ያስተምራል። ሊቅ ስላደረጋችሁልን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፤ የልጁን የድሮውንና የአሁኑን ፎቶ አጎዳኝታችሁ በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ስለለጠፋችሁልን። ወደ ወፍጮ ቤት የምሄደው በዚያው በኩል ነው፤ አሁን ዳገቱን ዞሬ እሄዳለሁ፤ ለጉልበቴ መፍታቻ ሆኖኛል። አረጋ ግን ጉዳይ ባይኖረውም በዚያ ያልፋል። በበዓል ቀን ልጁን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ፀሐይ ላይ ያቆመውና «እስቲ ጎንህን አሳያቸው» ይለዋል። እኔ ምቀኛ አይደለሁም። እንዲያው ያን ጎን ባየሁ ቁጥር ምግብ አይወርድልኝም፤ የዕድሜ ጉዳይ ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ ስንመለስ አረጋ፣ «አጅሬ፣ ይህ ልጅ እኮ ከተኛ ድምፅ የለውም፤ መኖሩን ለማወቅ በእጄ እዳስሰዋለሁ» አለኝ። ለእኔ! ይታገሱ እዚህ ላይ ብዕሯን አቁማ «አባባ ፈንታው፣ ይኸ እንኳ ይቅር» ብላኝ ነበር። ጻፊ ብያታለሁ።

አራተኛውና ዋናው፤ ሐኪሞቻችሁ ላሊበላ መጥተው ልጆቹን ያዩ ዕለት ነው። ፀደይን ነጠላ አልብሼ በበቅሎ አወረድኋት። ሐኪሙ «ልጅቱ እንዴት ናት?» አለኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናት» አልሁ። «እንቅልፏስ?» አለ። «ተመስገን» አልሁ። «ዓይኗን ያማታል?» «ክብሩ ይስፋ፣ ምን ትሆናለች» አልሁ። ክቡርነትዎ፣ በእኛ አገር ሲጠየቅ ወዲያው ችግሩን የሚዘረግፍ ያልታነጸ ሰው ነው። ብሉ ሲባል እንኳ ሰው አንዴ ተጠይቆ እጁን አይሰድም፤ ሁለተኛ ይለመናል፣ ሦስተኛ በሞቴ ይባላል። እኔም ሦስተኛውን ስጠብቅ ሐኪምዎ ጽፎ ጨረሰ። ከኋላዬ የነበረው አረጋ ግን ገና ሳይቀመጥ የልጁን ማንኮራፋት፣ መታፈኑን፣ ዓይኑን፣ ጥርሱን፣ ያልተጠየቀውን የራሱን ወገብ ሳይቀር ዘረገፈው። የእሱ ልጅ ካርድ ላይ «አስቸኳይ» ተባለ። የእኔዋ ላይ የተጻፈውን ያነበበችልኝ ይታገሱ ናት፤ «አስቸኳይ አይደለም» ይላል። አንገቷን ደፍታ ነው ያነበበችው።

ጨዋ ተቀጥቶ ባለጌ የተሸለመበትን ይህን አሠራር ስላሳዩን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ጥፋቱ ግማሹ የእኔ መሆኑን አምናለሁ፤ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ግን አልናገርም።

እንግዲህ ሳልለመን ልናገር። ፀደይ ደህና አይደለችም። ስትተኛ ታንኮራፋለች፣ ከዚያ ትንፋሿ ይቆማል። ከሰባት በላይ ከቆጠርሁ ትከሻዋን እነካታለሁ፣ ትባንናለች፣ ትተነፍሳለች። አሁን አሁን ግን እየነካኋትም እስክትተነፍስ ቆጠራዬ አሥራ አንድ እየደረሰ ነው። ዓይኗ ተኝታም አይከደን፤ እየደረቀ ቀልቷል። ሥጋ ማኘክ አትችልም። እኔ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ከእኔ በኋላ ትከሻዋን ማን ይነካታል? የአረጋን ልጅ መልሳችሁ አበላሹት አላልሁም። ያን ብሎን ለእኔም ስጡኝ ነው የምለው፤ እኔ ሳጠብቅ አይፈታም። በሚቀጥለው ዙር ስሟን ከፊት ይጻፉልኝ።

ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ፀጉሬ አክባሪዎ፣ ከነጋ እስኪመሽ ስምዎን የማነሳ፣ በምን ዓይነት ቃል እንደሆነ ለይታገሱም ያልነገርኋት፣

ፈንታው ዘገየ፤ በአውራ ጣቴ ፈርሜያለሁ።

የተረሳ ነገር፤ ይህም ደብዳቤ «አስቸኳይ አይደለም» ተብሎ መሳቢያ ከገባ አይጨነቁ። ልጅቱን አቅፌ መጥቼ ቢሮዎ ደጃፍ ላይ አስተኛታለሁ። ሐኪም መላክ፣ መጠየቅም አያስፈልግዎ፤ በር ዘግተውም ስታንኮራፋ ይሰሟታል። ዝም ስትል ደግሞ እርስዎ ይቁጠሩ።

በይ ይታገሱ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ፤ ስለ አማትሽ ያልሁትንም አትዝለይ። ድምፅሽን ግን ዝቅ አድርጊው፤ ልጅቱ እዚያ መደብ ላይ ሸለብ አድርጓታል፣ ትንፋሿን ልስማ።