የተቆለፉት ሠላሳ ላፕቶፖች

ሰኞ
ሠላሳዎቹም ተቆለፉ። ጠዋት የኮምፒውተር ክፍሉን ከፍቼ አንዱን ባበራው «የኔትወርኩን አስተዳዳሪ ያነጋግሩ» አለኝ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሁሉም። አስተዳዳሪዋ እኔ ነኝ! ፓስወርዱ ግን ያለው ከእኔ በፊት የነበረው መምህር ጋ ነው፤ ሳያስረክበኝ ነው ከዚህ ከሮቤ የተዛወረው። ስልኩ አይነሳም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር ነው። የቀረን ሦስት ሳምንት።

ማክሰኞ
አንድ በአንድ ፎርማት ላድርጋቸው ብዬ ርዕሰ መምህሩን አቶ ጀማልን ፈቃድ ጠየቅኩ። «ቢበላሹ ማን ይጠየቃል? ባለሙያ እስኪመጣ ስቶር ይግቡ» አሉ። ባለሙያው መቼ እንደሚመጣ እሳቸውም አያውቁም። ተሸክሜ አስገባኋቸው። ስወጣ ሃዊ ደጅ ላይ ጠበቀችኝ። ከጎሮ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት፤ ማውስ የነካችው ዘንድሮ ነው። «ቲቸር፣ ታዲያ እኛ በምን እንለማመድ?»

ረቡዕ
የቀድሞው መምህር ስልኩን አነሳ! ደስታዬ አምስት ደቂቃም አልቆየም። የነገረኝን ፓስወርድ ላፕቶፖቹን የሚቆጣጠረው ሰርቨር አልቀበልም አለ። «ረስቼዋለሁ መሰለኝ፣ ይቅርታ እህቴ።» በቃ። ዝናብ፣ ብርድ፣ ራስ ምታት።

ሐሙስ
የሃዊ አባት ኦቦ ሁሴን ከጎሮ መጡ። «በስልክ አለቀሰችብኝ። የማይሆንላት ከሆነ እውነቱን ንገሪኝና ወደ ቤት ልውሰዳት» አሉኝ። ይሆናል ማለት አልቻልኩም። አይሆንም ማለትም አቃተኝ። «እስከ ቅዳሜ ይታገሱኝ» አልኳቸው። «ኢንሻአላህ» ብለው ወጡ። ወዲያው ስቶር ገብቼ ሁለት ላፕቶፕ አወጣሁ። ማንንም ሳላስፈቅድ።

ዓርብ
አንዱ ተሳካ! ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ የመለማመጃ ጥያቄዎቹንም ጫንኩበት። ሁለተኛው ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ባትሪው ድሮ የሞተ ነው። ከዚያ ወዲህ አልነሳ አለኝ። ከሰው ከሚሰሙ ብዬ አቶ ጀማልን ራሴ ነገርኳቸው። ጮኹብኝ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍብሻል አሉኝ፣ የስቶሩን ቁልፍም ተቀበሉኝ። የሚሠራውን ትንሽ አዩት አዩትና ግን «ይሄኛው እዚሁ ይቆይ» አሉ።

ቅዳሜ
አንድ ላፕቶፕ፣ አርባ ስድስት ተማሪ። ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ። ሃዊ ሦስት ጥያቄ እንደመለሰች ሰዓቷ አለቀ። ተነስታ ለቀጣዩ ቦታ ለቀቀች። ኦቦ ሁሴን በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም አይተዋል። ይወስዷት እንደሆነ ልጠይቃቸው ፈራሁ። በኋላ በመስኮት ስመለከት የጎሮ ሚኒባስ ውስጥ ብቻቸውን ገቡ። እፎይ ልበል? በእኔ ተማምነው ትተዋት ከሆነስ?