ምንጩ ስላልታወቀው የቱሪያ ድምፅ

ለተከበሩ አቶ ይትባረክ ሀብተ ማርያም፣
የብርሃነ ንባብ ማዕከል የሶፍትዌር ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ድሬዳዋ

ክቡር ሰብሳቢ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎንና ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት፣ የቢሮዎን ቬንቲሌተርም መብራት ሳይጠፋበት ሲዞር እንዲያገኝ ከልብ እመኛለሁ። እንደ ድሬ ልጅነቴ ለታላቅም ለታናሽም «አንተ» ማለት ነው የለመድኩት። ይህን ደብዳቤ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ በ«እርስዎ» ጽፌዋለሁ፤ በመካከላችን ምን ያህል ርቀት እንደተፈጠረ ከዚህ እንደሚረዱልኝ አምናለሁ።

ለማያውቁን አንባቢዎች ጉዳዩን ባጭሩ ላስረዳ። ኒምኮ ሂርሲ እባላለሁ፤ የመጋላ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ቱሪያ ጎረቤቴ ናት። ዓይነ ስውር ስትሆን፣ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በአንድ ፋብሪካ የስልክ ማዞሪያ ላይ ሠርታለች። ማዕከልዎ ለዓይነ ስውራን አንባቢዎች ትንንሽ ኮምፒውተሮች ማስመጣቱን ስንሰማ፣ አማርኛን ጮክ ብሎ የሚያነብላቸው ነገር አለመኖሩንም አብረን ሰማን። ስለዚህ ሁለታችን ተቀምጠን አንድ ላይብረሪ ሠራን፤ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት፣ ጽሑፍን ወደ ንግግር የሚለውጥ ሶፍትዌር ማለት ነው። የሚናገረው በቱሪያ ድምፅ ነው። ክረምቱን ሙሉ ሳሎኗ ውስጥ መስኮት ዘግተን፣ በሙቀት እየቀለጥን ቀዳነው። ያም ሆኖ «ምዕራፍ» ከሚለው ቃል ጀርባ የአንድ ባጃጅ ጥሩንባ ገባብን። ደግመን እንቅዳው ብላት፣ የሰፈራችን ነው ተዪው አለችኝ።

ላይብረሪውን የማዕከሉን ኮምፒውተሮች ለሚያሠራው ነፃ ሥርዓት፣ ለሊኑክስ ስርጭት፣ በሚስማማ ጥቅል አዘጋጅቼ ለኮሚቴዎ አስረከብኩ። ፈቃዱ ማንም ሰው በነፃ ይጠቀምበት፣ የሠሪዎቹ ስም ግን እንዳይፋቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ስላደረጉልን ሁሉ በተራ ላመስግንዎ።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ። የእኔ ላፕቶፕና የማዕከሉ ኮምፒውተሮች ፕሮሰሰራቸው የተለያየ በመሆኑ፣ ላይብረሪውን በላፕቶፔ ላይ ሆኜ ለእነዚያ እንዲሠራ አድርጌ ነው ኮምፓይል ያደረግሁት፣ ማለትም ወደ ማሽን ቋንቋ የቀየርኩት፤ በሙያችን የተለመደ አሠራር ነው። እርስዎ በራስዎ ላፕቶፕ ሊከፍቱት ሞክረው እምቢ ቢልዎ፣ በተሠራበት ዓይነት ማሽን ላይ የማይሠራ ነገር ውስጡ የተደበቀ ተንኮል ቢኖር ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ። እህቴ ሳሕራ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ለበረዶ አገር ሰዎች ካፖርት ትሰፋለች፤ ድሬ ላይ የሚለብሰው የለምና ተንኮል አለበት ብሎ የጠረጠራት ሰው እስካሁን አልገጠማትም። ይህን ስነግርዎ ፈገግ አሉ፤ የገባዎት መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ጆሮዎ። ድምፁ ድሬ ድሬ ይላል፣ ንጹሕ አማርኛም አይደለም ተብሎ በስብሰባ ላይ ተነገረን። ቱሪያ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ስንወጣ ክንዴን ይዛ የደቻቱን ድልድይ ተሻገረች። ዕድሜዋን ሙሉ በስልክ ሰው ስታገናኝ አነጋገርሽ አልገባኝም ያላት እንደሌለ የነገረችኝ ቤት ከገባን በኋላ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ምርመራዎ። ለደህንነት ያስፈልጋል ብለው ምንጭ ኮዱን (እኔ የጻፍኩትን የፕሮግራሙን ጽሑፍ)፣ የድምፅ ቅጂዎቹንና ጥቅሉ የሚዘጋጅበትን መመሪያ ሁሉ ተቀበሉኝ። የመጣው መልስ ግን ምንጩ ስላልታወቀ ውድቅ ሆኗል የሚል ነበር። ምንጩ እኮ ከፊትዎ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። እኔ ሰው የምጠረጥር ሰው አይደለሁም፤ መጠርጠር ደግ እንዳልሆነ ተነግሮኝ ነው ያደግሁት። ይሁን እንጂ አደገኛ የተባለው ነገር ለምን እንዳልተጣለ፣ ለእኔም ለምን እንዳልተመለሰ፣ ልጠይቅ በመጣሁ ቁጥር የቢሮዎ ባለሙያዎች ለምን ስክሪናቸውን ወደ ግድግዳ እንደሚያዞሩ ራሴን መጠየቅ ጀመርኩ። የዚያን ጊዜ በራሴ አፍሬ ነበር። አሁን አላፍርም።

አራተኛው ምስጋናዬ ማዕከሉ የሚያነቡትን ኮምፒውተሮች ስላስመረቀበት ዕለት ነው። ቱሪያ ከአንባቢዎቹ አንዷ ሆና ተጋብዛ ነበር፤ እኔም እሷን ይዤ ገባሁ። እርስዎ የሚያነበው ሶፍትዌር በማዕከሉ ባለሙያዎች የተሠራ መሆኑን ገልጸው ቁልፉን ሲጫኑ፣ ማሽኑ እንኳን ደህና መጣችሁ ብሎ «ምዕራፍ አንድ» አለ፤ ባጃጁም ጥሩንባውን ነፋ። ቱሪያ ክንዴን ጨመቀችው። እኔ ልነሳ ስል ከኋላችን የተቀመጡት የፋብሪካው ጡረተኛ አቶ ይሳቅ ቀደሙኝ።

«ይቺ የማዞሪያዋ ቱሪያ አይደለችም እንዴ?» አሉ።

እርስዎም የኮምፒውተር ድምፅ መሆኑን በትሕትና አስረዷቸው። በዚህ ጊዜ ቱሪያ ከወንበሯ ተነስታ፣ ሳትጮህ፣ ማሽኑ ያለውን ቃል በቃል ደገመችው። እርስዎ ማሽኑን ትተው መርሐ ግብሩን ወደ ሻይ ዕረፍት ስላሸጋገሩበት ፍጥነት ያለኝ አድናቆት የላቀ ነው።

የሆነውን ሁሉ ማወቅ ስለሚገባዎት ልቀጥል። ጥቅሉን ስርጭቱን ለሚያዘጋጁት በጎ ፈቃደኞች በቀጥታ ላክሁላቸው። በአካል አይተውኝ የማያውቁ ሰዎች ኮዱን በይፋ መረመሩት፤ አንዳንድ ስህተቴንም አሳርመውኝ ተቀበሉት። አሁን የቱሪያ ስም ከጥቅሉ ጋር ለሁሉም ይታያል። ፈቃዱ ስለተጣሰ ድምፅሽን ከማዕከሉ እናስነሳው ወይ ብዬ ስጠይቃት ግን መልሷ ሌላ ነበር።

«አንባቢዎቹ ምን አጠፉ? እዚያው ይናገር። ስሜን ግን ይጻፉ» አለችኝ።

እኔ ብሆን አስነሳው ነበር። ድምፁ ግን የእሷ ስለሆነ ቃሏን አክብሬያለሁ። የምንለምንዎትም ይህንኑ አንድ ነገር ነው። ይህን እስከጻፍኩበት ዕለት ድረስ ግን በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የማዕከሉና የእርስዎ ስም ብቻ ነው።

ከጥንቃቄዎ ጥንቃቄን፣ ከጥርጣሬዎም መጠርጠርን በሚገባ የተማረች፣ ለሰጧት ትምህርት ውለታዎን የማትረሳ አክባሪዎ፣

ኒምኮ ሂርሲ
ከመጋላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ ለማዕከሉ አንባቢዎችም አድርሻቸዋለሁ፤ ኮምፒውተሮቹ ጮክ ብለው ያነቡላቸዋል። በአዳራሹ በኩል ሲያልፉ ሙሉ ስምዎ ከነማዕረጉ በቱሪያ ድምፅ ሲጠራ ቢሰሙ እንዳይደነግጡ።