የሩኖ የመጨረሻ ማህተም

ዝደንካዬ፣

ቁጭ በይና አንብቢው፤ ለነገሩ እግርሽ ጀሶ ውስጥ ሆኖ የት ትሄጃለሽ! ውሻሽ ሩኖ በየተራራው ጫፍ ለደረሰ ተጓዥ የሚመታውን ማህተም ከስምንቱም ተራራ ሰብስቦ ደብተሩን ሞላ! ግን እንዴት ሆኖ! ዳገቱ ቀጥ ያለ፣ የእሱ እግር ደግሞ ስንዝር አይሞላም። አሳዘነኝና ከመጨረሻው መታጠፊያ ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ አዘልኩት። ለካ ማህተሙን የሚመቱት፣ ጫፉ ላይ ያለው የእንግዳ ማረፊያ ጠባቂ ጋሽ ፖልዴ ከበረንዳቸው ሆነው በሩቅ ማያ መነጽር ያዩናል!

ማህተሙን ኪሳቸው ከተቱና «ድንቹም በጭነት ማመላለሻው ሽቦ ተስቦ እዚህ ይደርሳል፤ ለድንች ማህተም እመታለሁ እንዴ? ወደ ታች መልሺው!» አሉኝ።

«ኧረ ጋሽ ፖልዴ፣ ውሻ እኮ ነው!»

«ውሻማ አራት እግር አለው። አንቺ በሁለት መጥተሽ የለ!»

ወርጄ መታጠፊያው ላይ አስቀመጥኩት። በረንዳው ሙሉ ሰው ቋሊማ እያወዛወዘ «ሩኖ! ሩኖ!» ሲል ብታዪ! ጆሮው እየተርገበገበ፣ ሆዱ ድንጋዩን እየጠረገ፣ እኔን ጥሎኝ ወጣ። ልዩብልያና ከተማ ውስጥ አሳንሰር ከሌለ ፎቅ አልወጣም የሚለው ሩኖ!

ያንቺንም ደብተር ደብቄ ይዤ ነበር፤ ይቺው ማህተም ብቻ ቀርታሽ የለ? ጋሽ ፖልዴ ገለጡና መልሰው ዘጉት። «ውሻዋ በእግሩ መጥቷል። እሷም ትምጣ» አሉ።

ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ! እናትሽን ሳሚልኝ። ጥጉ ላይ ያለው ጭቃ የሩኖ እግር ነው። ጀሶሽ ሲፈታ ሦስታችንም እንመጣለን፤ ግን ከወዲሁ እወቂው፣ አንቺንም አላዝልሽም!

ያንቺው ኔዣ