በሕይወት መኖሬን ላሳይ ሄጄ

ካዛንቺስ፣ ጥቅምት 2004 ዓ.ም.

ልጄ ሲምረት፣ እመብርሃን በሰው አገር ከብርዱም ከክፉ ሰውም ትከልልሽ። እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ።

የእድራችን ገንዘብ ያዥ አቶ አስገዶም ተሻሩ። አባላቱን ሳያስፈቅዱ የእድሩን ገንዘብ ለአማቻቸው አበድረው ተገኙ። "መልሶታል እኮ!" ቢሉ ማን ይስማቸው። ከሁሉ በላይ የጮህኩት እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ በሕይወት መኖሬን ላሳይ ጡረታ ቢሮ ሄድኩ፤ ካልታየን ክፍያው ይቆማል። ሠላሳ ዓመት የጽሕፈት መኪና ስደበድብ ከደመወዜ የተቆረጠው፣ መሥሪያ ቤቱም የጨመረበት የት እንደተቀመጠ ሠራተኛውን ጠየቅኩት።

"ማዘር፣ ለጡረተኛ ተከፍሎ የሚተርፈውን መንግሥት ይበደረዋል። በትንሽ ወለድ ይመልሳል" አለኝ።

"አስፈቅዶን ነው?" ስለው ሳቀ።

"መንግሥት እኮ ነው፣ ማዘር!"

የጤፍ ዋጋ ሲሮጥ ያቺ ወለድ ትንፏቀቃለች። እኔ በዚህ ጉልበቴ ደረጃ ወጥቼ በሕይወት መኖሬን ሳሳይ፣ ገንዘቤ በሕይወት መኖሩን ለኔ ማን ያሳየኛል? ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። በአቶ አስገዶም ላይ ያን ያህል የጮህኩት ሴትዮ፣ እዚያ አንገቴን ደፍቼ ፈረምኩና ወጣሁ።

ላኪልኝ አልልሽም፣ የኔ ልጅ። እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ፣ የወጣሽበት መንገድ ለመመለሻም ይቅናሽ። ብቻ ለፋሲካ ብቅ በይ። ለመንግሥት በየጊዜው እየሄድኩ በሕይወት መኖሬን አሳያለሁ፤ አንቺ ግን ካየሽኝ ስድስት ዓመት ሆነሽ።

እናትሽ መብርሂት